ባለ አንድ ሞተሩ ፈረስ

በሀብታም አገር ባለ አንድ ሞተር ትንሽ አውሮፕላን ያለው ሰው ምን ዓይነት ኢንሹራንስ እንደሚገዛ ታውቃላችሁ? አውሮፕላኑ ቢሰበር ዋጋውን የሚተካለት አለ። አውሮፕላኑ ሰው ቢጎዳ ወይም የሰው ጣሪያ ላይ ቢወድቅ ካሳ የሚከፍልለት ሌላ አለ። የራሱ አውሮፕላን የሌለው፣ ተከራይቶ የሚያበረው ሰው እንኳ ለብቻው የሚገዛው ኢንሹራንስ አለው። ኩባንያው «ፈቃድህን አሳየኝ፤ ስንት ሰዓት በርረሃል?» ብሎ ይጠይቅና ዋጋ ይቆርጣል። ባለቤትም አብራሪም ለየብቻ ታስበዋል ማለት ነው። ቅዳሜና እሁድ ለሽርሽር የምትነሳ ሴስና ይህ ሁሉ ጃንጥላ ተዘርግቶላታል።

እንጅባራና ዳንግላ ላይ የግል አውሮፕላን ያለው ሰው አላጋጠመኝም። ባለ አንድ ሞተር መጓጓዣ ግን አለ፤ ሞተሩ ገብስ ይበላል። ጋሪን ነው የምላችሁ። ከባሕር ዳር በሚመጣው አስፋልት ላይ ባጃጅ ቦታውን ቢሻማውም፣ እህል ከወፍጮ፣ ድንጋይና አሸዋ ከግንባታ፣ አሮጊት ከጤና ጣቢያ የሚያመላልሰው ጋሪ ዛሬም ከመንገድ አልወጣም። እዚህም ብዙ ጊዜ ባለቤቱ ሌላ፣ ነጂው ሌላ ነው። ልጁ ማታ የተቆረጠበትን ገቢ ለባለቤቱ ያስገባል፤ የተረፈችው የሱ ናት። ፈረሱ ተንሸራቶ እግሩ የተሰበረ ዕለት የባለቤቱ ሀብት ሞተ፣ የልጁም እንጀራ ተቆረጠ። ማን ይተካል? ማንም።

«ጋሪ ምን ኢንሹራንስ ያስፈልገዋል!» የሚል አይጠፋም። ሕጉን እንየው እንግዲህ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2071 የእንስሳ ባለቤት እንስሳው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው ይላል፤ በድንገት አምልጦት ቢሆን እንኳ። አንቀጽ 2081 ደግሞ ስለ ሞተር ተሽከርካሪ ባለቤት ያንኑ ይላል። ሕጉ ሁለቱን ጎን ለጎን ነው ያቆማቸው። በ2000 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 559 ወጣና ማንኛውም ባለ ሞተር ተሽከርካሪ የሦስተኛ ወገን መድን እንዲገባ አስገደደ። ለሞት የሚከፈለው ካሳ ጣሪያ ያኔ 40,000 ብር ነበር። በ2005 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 799 ተተካ፤ ከዚያም ወዲህ የካሳው መጠን እንደገና ታይቷል። ጥሩ ነው፣ አልቃወምም። በባጃጅ የተገጨች እናት ወደ አንድ ኩባንያ በር ሄዳ ታንኳኳለች። በደነበረ የጋሪ ፈረስ የተረገጠችውስ? የምታንኳኳው የባለ ጋሪውን በር ነው፤ ከበሩ ጀርባ ደግሞ ያው ፈረስ ብቻ ነው ያለው። ካሳ ክፈል ሲባል ፈረስና መኪና እኩል ናቸው፤ መድን ሲባል ግን ፈረስ ፈረስ ነው።

እንዲያውም ያው ሕግ ባለቤቱ ጥፋት ከሌለበት እንስሳውን ለተጎጂው አስረክቦ ከዕዳው የሚወጣበትን መንገድ ከፍቷል። ሲያዩት ደግ ይመስላል። ግን ለባለ ጋሪ ምን ማለት ነው? ዕዳህን በእንጀራህ ክፈል ማለት ነው። ለተጎጂዋስ? እግሯ ለተሰበረ ሴት ፈረስ ምን ይሠራላታል?

የኢንሹራንስ ሰዎች ምክንያት አላቸው። ፈረስ ሻንሲ ቁጥር የለውም፤ ሰሌዳ የለውም፤ አንዱ ሞቶ ሌላው ሞተ ቢሉን በምን እናውቃለን ይላሉ። እውነት ለመናገር ይህ ተራ ሰበብ አይደለም፤ ማጭበርበር ያለበት ቦታ ኢንሹራንስ አይቆምም። ነገር ግን ይህን የሚሉት ስለ አዊ ከሆነ አገሩን አያውቁትም። እዚህ ሰው ጎረቤቱን በፈረሱ የሚያውቅበት አገር ነው፤ ዳማው የማን እንደሆነ፣ ቦራው ከማን እንደተገዛ ሕፃን ልጅ ይነግራችኋል። በፈረስ የሚያርስ ገበሬ ያለበት አገር ነው። ከዚህ ሁሉ በላይ በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተ፣ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ አባላት ያሉት የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር አለ። የየአካባቢውን ፈረሰኛ የሚያውቅ፣ ሲጣሉ የሚያስታርቅ፣ ሲሞት የሚቀብር። ለኢንሹራንስ ከዚህ የተሻለ መዝገብ ቤት ከየት ይመጣል?

ማኅበሩንም ሳልነካው አላልፍም። በየዓመቱ ጥር 23 ፈረሱ በጌጥ ተንቆጥቁጦ፣ አድዋ ስለዘመቱት ፈረሶች ሲነገርለት ደስ ይለኛል። በማግሥቱ ግን ጋሪ የሚጎትተው ወንድሙ ቁስሉን እንደያዘ ዳገት ይወጣል። የዘመተውን እያወደስን የሚያበላንን የምንረሳው ለምንድን ነው?

በ2004 ዓ.ም. ኦሮሚያ ኢንሹራንስ ለቦረና አርብቶ አደሮች የከብት መድን ሲጀምር ሳተላይት ከሰማይ የሣሩን ልምላሜ እየለካ፣ ሣር ሲጠፋ ይከፈል ተባለ። ብልህ ሐሳብ ነው፤ ለቦረና። ለኛ ግን አይሆንም። አዊ ውስጥ ሳተላይቱ ሁልጊዜ አረንጓዴ ነው የሚያየው፤ ፈረሱ የሚሞተው ሣር መሐል ቆሞ ነው። ፈረስ በቀናት ውስጥ የሚገድለውን በሽታ ወይም የጋሪ ፈረስን አካል የሚያቆስለውን የፈንገስ በሽታ ሳተላይት አያይም። የቀበሌው የእንስሳት ሐኪም ግን ያያል።

ገንዘቡስ? እስቲ እንቁጠር። ከመቶ ፈረስ በዓመት አምስት ይሞታል እንበል፤ የአንዱ ዋጋ 30,000 ብር ይሁን። ኪሳራው 150,000 ነው፤ ለመቶ ሲካፈል በነፍስ ወከፍ 1,500 ብር በዓመት፤ በቀን አራት ብር ገደማ። የኩባንያውን ወጪና ትርፍ ጨምሩበት፣ ለሦስተኛ ወገንም ጨምሩበት፣ ስድስት ሰባት ይበል። ባለ ጋሪ ይህን አይከፍልም የሚል ሰው ባለ ጋሪን ጠይቆ አያውቅም። ዕድሩን እየከፈለ አይደለም እንዴ? ዕድር ግን ድንኳን ይተክላል እንጂ ፈረስ አይተካም።

ልጁን ደግሞ አደራ። ሦስተኛ ወገን የሚባለው ነጂውን አይጨምርም። ጋሪው ሲገለበጥ መጀመሪያ የሚወድቀው እሱ ነው፤ ሀብት የለው፣ ውል የለው፣ ብዙውን ጊዜ ከገጠር የመጣ ጎረምሳ ነው። ተከራይቶ የሚያበረው ፈረንጅ ለራሱ መድን መግዛት ከቻለ፣ ይህ ልጅ በቀን አንድ ብር ጨምሮ የአካል ጉዳት መድን የማይገባበት ምክንያት ምንድን ነው? ይህን ጥያቄ የሚመልስ የኢንሹራንስ ኩባንያ ካለ፣ አዲስ አበባ አዳራሽ ተከራይቶ ወርክሾፕ ከመጥራቱ በፊት እንጅባራ መጥቶ የማኅበሩን ሽማግሌዎችና የጋሪ ነጂዎቹን አንድ ላይ ያስቀምጥ። ሲመጣም ከመናኸሪያው በጋሪ ይሳፈር።