የአያት መቃብር ሲፈለግ

ልጃችሁ «ቅድመ አያቴ መቼ ሞቱ? የት ተቀበሩ?» ብላ ስትጠይቅ ብዙዎቻችን «አንድ የሚካኤል ዕለት ነው» ከማለት አናልፍም። ይህም ቢሆን ቀላል ፍንጭ አይደለም።

በአገራችን ልደትና ሞትን በመንግሥት መዝገብ የማስፈሩ ሥራ በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው ሐምሌ 30 ቀን 2008 ዓ.ም. ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ክብር መዝገብ ቢደነግግም ድንጋጌው በሥራ ላይ ሳይውል ቆይቷል። ስለዚህ ከዚያ በፊት ያረፉትን ለማግኘት ወደ እድርና ወደ ደብር መሄድ ይሻላል።

በቅድሚያ ቀኑን እናጥራ። ሚካኤል በ12፣ ገብርኤል በ19፣ ማርያም በ21፣ መድኃኔ ዓለም በ27 ይውላል። አንዲት አዛውንት «ደርግ በገባ ሰሞን፣ በዘመነ ሉቃስ» ካሉ ዓመቱ 1967 ነው፤ ዘመነ ሉቃስ በአራት ዓመት አንዴ ስለሚመጣ ቀዳሚው 1963፣ ተከታዩ 1971 ነው።

የእድር መዝገብ በአብዛኛው የሚጻፈው በአባወራው ስም ነው። አያታችሁን በራሳቸው ስም ብትፈልጉ ላታገኙ ትችላላችሁ፤ በባላቸው ስም ሥር ለቀብር የወጣውን ገንዘብ ተከታተሉ፤ ቀኑ ከወጪው ጋር ይገኛል። (ዕድሜ ልካቸውን ለለቅሶ ቤት ንፍሮ ሲቀቅሉ የኖሩ እናት በስማቸው አለመመዝገባቸው ያስቆጫል!)

ወደ ደብር ስትሄዱ የክርስትና ስማቸውን ይዛችሁ ሂዱ። በሰፈር በሌላ ስም የሚታወቁት እናት በፍትሐት ላይ «ወለተ ማርያም» ወይም «ወለተ ጊዮርጊስ» ሊሆኑ ይችላሉ። ስሙ ከጠፋባችሁ የንስሐ አባታቸውን ወይም የጽዋ ማኅበርተኞቻቸውን ጠይቁ። በሙስሊም ቤተሰብ መቃብሩ ላይ ጽሑፍ ላይኖር ስለሚችል የእድሩ ሽማግሌዎች ቃል ትልቅ ማስረጃ ነው።

ጉዳዩ ለነገ የሚባል አይደለም። በአዲስ አበባ ቦታ በመጣበቡ በአንዳንድ አድባራት አሮጌው መቃብር እየተነሣ አዲስ ይቀበርበታል፤ ቤተሰብ አጽም እንዲያነሣ የሚለጠፈውን ማስታወቂያ ሰፈር የለቀቀ ሰው አያየውም። ሐውልቱ ሲነሣ ጽሑፉም አብሮ ይሄዳል። ሰፈር ፈርሶ እድር ሲበተንም መዝገቡ በአንድ ሽማግሌ ጸሐፊ ሳጥን ውስጥ ሊቀር ይችላል፤ እኚህን ሰው አስቀድማችሁ ፈልጉ።

መቃብሩን ስታገኙ ፎቶግራፍ አንሡ፤ ጽሑፉንም በእጃችሁ ገልብጡ። በግራና በቀኝ ያሉትን ስሞችም አትለፉ፤ ዘመድ ከዘመድ አጠገብ መቀበሩ የተለመደ ነውና።