ሕፃኑ በማኅፀን ዝም ሲል እኛ ዝም አንበል

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

በዛሬው ጽሑፋችን በየቤታችን ያለ፣ ነገር ግን በጉባኤያችን እምብዛም የማይነሣ አንድ ጉዳይ እናነሣለን። ይኸውም ነፍሰ ጡር እናት የልጇ እንቅስቃሴ እንደ ወትሮው አልሆን ሲላት የሚያድርባት ሥጋት ነው።

“ይህ የሐኪም ነገር ነው፤ ሰንበት ትምህርት ቤትን ምን አገባው?” የሚል ይኖር ይሆናል። ቅዱሳት መጻሕፍት ግን ጉዳዩን አልናቁትም። በኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 25 የተጻፈውን የርብቃን ታሪክ አስቡ። ልጆቹ በሆዷ ውስጥ እርስ በርሳቸው በተገፋፉ ጊዜ ነገሩ አስጨነቃት፤ ሆኖም ጭንቀቷን በልቧ ይዛ አልተቀመጠችም። ተነሥታ ሄደች፤ እግዚአብሔርን ጠየቀች፤ መልስም አገኘች። በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 1 ደግሞ ቅድስት ኤልሳቤጥ የእመቤታችንን ሰላምታ በሰማች ጊዜ ዮሐንስ በማኅፀኗ በደስታ ዘለለ። በዚያ ቤት ማንም ያላየውን ያወቀችው እናቲቱ ናት፤ በታላቅ ድምፅ የተናገረችውም እርሷው ናት።

ከእነዚህ እናቶች የምንማረው ግልጽ ነው። የጽንሱን ነገር ከሁሉ አስቀድማ የምታውቀው እናቲቱ ናት። ስለዚህ እርሷ የተሰማትን ሳትፈራ ትናገር፤ እኛም ሰምተን እንመናት፤ በዚያው ቀንም ወደ ጤና ተቋም እናድርሳት።

የሕክምና ትምህርት በዚህ ረገድ የሚነግረንን እንመልከት። እናት የልጇን እንቅስቃሴ ለመጀመሪያ ጊዜ የምታውቀው አብዛኛውን ጊዜ ከ16ኛው እስከ 24ኛው ሳምንት ባለው ጊዜ ነው፤ የበኩር ልጇን የፀነሰች ከ20ኛው ሳምንት በኋላ ሊሆንባት ይችላል። እስከ 24ኛው ሳምንት ምንም ያልተሰማት እናት ለጤና ባለሙያ መንገር ይገባታል። እንቅስቃሴው እስከ 32ኛው ሳምንት ገደማ እየጨመረ ይሄዳል፤ ከዚያም በኋላ እስከ መውለጃዋ ድረስ ሳይቀንስ ይቆያል። ለሁሉም ጽንስ የሚሠራ አንድ ቁጥር የለም። አንዱ ሌሊት ይበረታል፤ ሌላው እናቱ ምሳ በልታ ጋደም ስትል ይነቃል። እናት ልታውቀው የሚገባት የራሷን ልጅ ጠባይ ነው። የማታ ጸሎቷን አድርሳ ጋደም በምትልበት ሰዓት ልብ ብላ ብትከታተለው ጠባዩን በቀላሉ ትለምደዋለች።

በየመንደራችን ግን ሌላ ነገር ሲባል እንሰማለን። “ወሯ ሲገባ ልጁ ቦታ ይጠበዋል፤ ዝም ይላል” ይባላል። “ተኝቶ ነው፤ እስከ ነገ ጠብቂ” ይባላል። “ክፉ ማሰብ ሟርት ነው” ተብላ አፏን የምትዘጋም አለች። እነዚህ ምክሮች ከክፋት የሚመነጩ አይደሉም፤ እናቲቱን ለማጽናናት የሚነገሩ ናቸው። ሆኖም አደገኞች ናቸው። ወሩ የገባ ጤነኛ ጽንስ የሚንቀሳቀስበት መንገድ ቢለወጥ እንጂ እንቅስቃሴው ሊቀንስ አይገባም። እንግዴ ልጁ ምግብና ኦክስጅን እንደሚገባ ማድረስ ሲያቅተው ጽንሱ ጉልበቱን ለመቆጠብ እንቅስቃሴውን ይቀንሳል። ሕፃኑ አፍ አውጥቶ መናገር አይችልምና የእንቅስቃሴው መቀነስ አንዳንድ ጊዜ የሚሰጠን ብቸኛ ማስጠንቀቂያ ነው።

በሥራ ውላ ልብ ያላለች፣ ሰባተኛ ወሯን የጨረሰችና የተጠራጠረች እናት በግራ ጎኗ ጋደም ብላ ትከታተል፤ በ2 ሰዓት ውስጥ 10 ጊዜ ያህል ካልተንቀሳቀሰ ትሂድ። እንቅስቃሴው በግልጽ የቀነሰባት ወይም የቆመባት እናት ግን መቁጠርም አያስፈልጋትም፤ ቀጠሮዋን ሳትጠብቅ፣ ነገን ሳትል ወዲያው ትሂድ። በዚያ አዋላጅ ነርሷ የጽንሱን የልብ ምት ታዳምጣለች፤ የእናቲቱን የደም ግፊት ትለካለች፤ ካስፈለገም በአልትራሳውንድ እንድትታይ ወደ ሆስፒታል ትልካታለች። አብዛኛውን ጊዜ እናቲቱ “ልጅሽ ደኅና ነው” ተብላ ትመለሳለች። ያን ጊዜ “በከንቱ ደከምን” የሚል ሰው ካለ የተመለሰችው በምሥራች መሆኑን ያስብ። በድጋሚ ቢቀንስባትም በድጋሚ ትሂድ።

የተባበሩት መንግሥታት ግምት እንደሚያሳየው እ.ኤ.አ. በ2021 ብቻ በዓለም 1.9 ሚሊዮን ያህል ሕፃናት ከ28ኛው ሳምንት በኋላ ሞተው ተወልደዋል። ከእነዚህ ብዙዎቹ በጊዜው ክትትልና ሕክምና ቢያገኙ ሊድኑ የሚችሉ ነበሩ።

“ጠበል እየጠጣሁ፣ እየጸለይኩ ሐኪም ቤት ብሄድ እምነቴ መጉደሉ አይደለምን?” የምትሉ እኅቶች ካላችሁ የምትማጸኑትን መልአክ ታሪክ አስታውሱ። ጳጉሜን 3 የምናከብረው ቅዱስ ሩፋኤል ፈታሔ ማኅፀን ይባላል፤ እናቶቻችን በምጣቸው ይጠሩታል። ይህ መልአክ በመጽሐፈ ጦቢት ለጦብያ ምን እንዳስተማረው ተመልከቱ። የዓሣውን ሐሞት ለአባቱ ዓይን መድኃኒት እንዲሆን እንዲይዝ ነገረው። የእግዚአብሔር መልአክ መድኃኒትን ካልናቀ እኛ እንዴት እንንቃለን? መጽሐፈ ሲራክ በምዕራፍ 38 ባለ መድኃኒትን የፈጠረው እግዚአብሔር መሆኑን ያስተምራል። የርኅርኅቱን እናት የኤልሳቤጥን ታሪክ የጻፈልን ቅዱስ ሉቃስም ሐኪም ነበር። በቅርቡ ዘመንም ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ በ1999 ዓ.ም. ምእመናን ጠበልንና የኤች አይ ቪ መድኃኒትን አብረው እንዲወስዱ በይፋ አስተምረዋል። ስለዚህ እኅቴ ሆይ፣ ጠበሉን ጠጥተሽ፣ አማትበሽ ሂጂ። ጸሎቱ በመንገድም በአልጋም ላይ አብሮሽ ይሆናል።

አሁን ወደ ራሳችን ወደ አዊ እንመለስ። እንጅባራና ዳንግላ ሆስፒታል ያላቸው፣ በአስፋልቱ መንገድ ዳር ያሉ ከተሞች ናቸው። ነገር ግን ከከተማው ወጣ ስንል ነገሩ ይለወጣል። በባንጃ፣ በፋግታ ለኮማ፣ በጓጉሳ ሽኩዳድ ቀበሌዎች ያለች እናት እንጨት ስትለቅም፣ ውኃ ስትቀዳ፣ ድንች ለገበያ ስትሸከም ትውላለች፤ ልጇ መንቀሳቀሱን የምታስተውልበት ፋታ የላትም። በክረምት ጭቃው አምቡላንስ አያስገባም፤ በእነዚህ ዓመታት ደግሞ የሰላሙ መደፍረስ መንገዱን ይዘጋል። እንዲህ ባለ ቦታ “እስከ ነገ እንይ” ማለት ከከተማው ይልቅ ይከብዳል። መንገዱ ሩቅ ከሆነ ውሳኔው ፈጣን መሆን አለበትና።

እንግዲህ ከእኛ ምን ይጠበቃል? ባሎች ሆይ፣ ከሥራ ስትመለሱ “ልጁ ዛሬ እንዴት ዋለ?” ብላችሁ ጠይቁ። ሚስትህ ስትሠጋ ፈቃድህን እንድትጠብቅ አታድርጋት፤ ቤት ባትኖርም እንድትሄድ አስቀድመህ ንገራት። አማቶችና ጎረቤቶች ሆይ፣ “እኔም እንዲህ ሆኜ ወልጃለሁ” ከማለታችሁ በፊት ነጠላችሁን ልበሱና አብራችኋት ሂዱ። አባቶቻችን ካህናት ሆይ፣ ለንስሐ ልጆቻችሁ ጸበል ስትረጩ ይህንንም ምከሩልን፤ ከእናንተ አፍ የወጣ ቃል ከብዙ ማስታወቂያ ይልቅ ይሰማል።

የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶችም የምንሠራው አለን። በአጥቢያችን ያለችውን አዋላጅ ነርስ ወይም የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ በአንድ እሑድ ጉባኤ ላይ እንጋብዝ፤ አማርኛ ለማይቀናቸው እናቶች በአገውኛ እናስረዳላቸው። የምግባረ ሠናይ ክፍላችን ለትራንስፖርት የሚሆን ጥቂት ገንዘብ ይያዝ፤ የአምቡላንሱን፣ የባጃጁን፣ የጋሪውን ባለቤት ስልክ በአንድ ወረቀት ጽፈን በየነፍሰ ጡሯ ቤት እናድርስ። ጭቃ በበዛበት መንደር ደግሞ ቃሬዛ ለመሸከም የእኛ ትከሻ አለ። በዝማሬያችን ኤልሳቤጥን የምናመሰግን ሰዎች በጎረቤታችን ያለችውን ኤልሳቤጥ እንዳንረሳ።

በመጨረሻም ልጃችሁን በማኅፀን ያጣችሁ እናቶች ይህን ስታነቡ ራሳችሁን እንዳትከሱ እንለምናችኋለን። ሁሉ ነገር በጊዜው ተደርጎም የማይድን ሕፃን አለ፤ ሳይነገራችሁ በቀረ ነገርም አትጠየቁበትም። ኀዘናችሁን “ገና ያልተወለደ ነው” ብለን የምናቃልል እኛ እንወቀስ። እግዚአብሔር ያጽናችሁ።

ርብቃን በጭንቀቷ የሰማ አምላክ በየቤቱ ያሉ ነፍሰ ጡር እናቶችን በሰላም ያገላግልልን፤ እኛንም የሚሰማ ጆሮ፣ የሚፈጥን እግር ይስጠን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፣
ወለወላዲቱ ድንግል፣
ወለመስቀሉ ክቡር። አሜን።