ኮምፓይለሩ ምን አጠፋ?

ፕሮግራመሮች ስለ ጃቫ ሲያወሩ «ቼክድ ኤክሴፕሽን የከሸፈ ሙከራ ነው» የሚል አይጠፋም። ማስረጃውም ዝግጁ ነው፦ ሲ ሻርፕ አልተቀበለውም፣ ኮትሊንም ትቶታል። ለእኔ ግን ይህ አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ነው።

ፋይል የሚጽፍ ሜተድ ዲስኩ ሊሞላበት ይችላል። ጃቫ ይህን በሜተዱ ራስጌ ላይ «ትሮውስ» ብለህ አስታውቅ ይላል፤ ጠሪው ወይ በ«ካች» ይይዘዋል፣ ወይ ለራሱ ጠሪ ያሳልፈዋል። ሁለቱንም ካላደረገ ኮዱ አይኮምፓይልም፤ ቼክድ ኤክሴፕሽን ማለት ይህ ነው። ሰነፉ ታዲያ ምን ያደርጋል? ባዶ ካች ጽፎ ይገላገላል። ዲስኩ የሞላ ቀን ምንም ሳይጻፍ ተጠቃሚው «ተቀምጧል» የሚል መልእክት ያያል። የሚወቀሰውም አስቀድሞ ያስጠነቀቀው ኮምፓይለር ነው!

የሲ ሻርፕ ዋና ንድፍ አውጪ አንደርስ ሃይልስበርግ ያነሳው ክርክር ከዚህ ይሻላል፦ በአዲስ ቨርዥን አንድ ኤክሴፕሽን ብትጨምር የጠሪዎችህ ኮድ ይሰበራል። ይሰበር እንጂ! የሚመለሰውን ታይፕ ብትቀይርስ አይሰበርም? ጠሪው አዲሱን አደጋ ሲስተሙ ሌሊት ሲወድቅ ከሚያውቀው፣ ኮምፓይል ሲያደርግ ቢያውቀው ይሻለዋል።

የጃቫ እውነተኛ ጥፋት ቼክድ መሆን ያለበትን በቅጡ አለመምረጡ ነው። አማርኛ ጽሑፍን ከባይት ወደ ስትሪንግ ስትቀይር የኢንኮዲንጉን ስም «ዩቲኤፍ-8» ብለህ ከሰጠኸው፣ «ባይታወቅስ?» ብሎ ካች ያስጽፍሃል። ዩቲኤፍ-8 ደግሞ በማንኛውም ጃቫ ላይ መኖሩ ግዴታ ነው! እንዲህ ያለ ካች ውስጥ ምን ይጻፋል? እጃችን ባዶ ካች የለመደው እዚህ ነው። በ2014 ጃቫ 8 ላምዳን ሲያመጣ ነገሩ ባሰ፤ ለስትሪም «ማፕ» የሚሰጥ ላምዳ ቼክድ ኤክሴፕሽን መወርወር አይችልም። ጃቫ ራሱ «አንቼክድ አይኦ ኤክሴፕሽን» የሚባል መሸፈኛ አወጣ።

ሐሳቡ ራሱ ከሽፎ ቢሆን ኖሮ በኋላ የመጡት ባልደገሙት። በስዊፍት ስህተት የሚወረውር ፈንክሽን ራስጌው ላይ «ትሮውስ» መባል አለበት፤ ጠሪውም «ትራይ» ሳይል አይጠራውም። ረስት ውጤቱን «ሪዘልት» ውስጥ አስገብቶ ይሰጥሃል፤ ስህተቱን ሳትጋፈጥ ዋጋው አይወጣም። ወደ ላይ ለማሳለፍ ግን አንዲት የጥያቄ ምልክት ትበቃለች፤ መለወጫው አንዴ ከተጻፈ የስህተቱን ዓይነት እንኳ እሷው ትለውጠዋለች። ጃቫን በዚሁ ጉዳይ የሚያብጠለጥሉት ሰዎች ረስት ላይ ሲያዩት ያጨበጭባሉ።