ጓሳን ማን ጠበቀው?

ዛሬ ወደ ሰሜን ሸዋ፣ ወደ መንዝ እንውጣ።

እዚያ ጓሳ የሚባል ብርዳም ደጋ አለ። ቦታው ስሙን ያገኘው ከሚያበቅለው ሣር ነው። ጓሳ ጠንካራ ሣር ነው። ቤት ይከደንበታል። ገመድ ይገመድበታል። ለዝናብ የሚለበሰው ገሳም ይሠራበታል።

ይህ ሣር ሳያልቅ እንዴት ቆየ? የአገሩ ሰው ራሱ ስለጠበቀው ነው። የመንዝ አባቶች ከ300 ዓመት በፊት ደንብ አወጡ። ደንቡ ቄሮ ይባል ነበር። ሕዝቡ አባ ቄራ የሚባል አለቃ ይመርጣል። አባ ቄራው «ጓሳ ተዘግቷል» ካለ ማንም ማጭድ ይዞ አይገባም። ሣሩ እስኪደርስ ሦስት ዓመት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይዘጋል። የሚከፈተው በበጋ ነው። ሐምሌ 5 ቀን የሐዋርያት ጾም ሲፈታ ሰውም ከብትም ይወጣል። መሬቱ ክረምቱን ያርፋል። ደንቡን የጣሰ ይቀጣል።

ግን ደንቡ አንድ ጉድለት ነበረበት። መብቱ የአስቦና የጌራ ዘር የሆኑ ባለርስቶች ብቻ ነበር። ሌላው ጎረቤት እያየ ይቀራል።

በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ወጣ። ርስት ቀረ። መብት ያልነበረውም ሰው መብት አገኘ። ይህ መልካም ነበር። ነገር ግን ከርስቱ ጋር ቄሮም አብሮ ፈረሰ። ጠባቂ ጠፋ። «እኔ ብተወው ሌላው ያጭደዋል» እያለ ሁሉም ተሻማ። ሣሩ ተመናመነ።

ታዲያ ገበሬዎቹ ምን አደረጉ? እጃቸውን አጣጥፈው አልተቀመጡም። ተሰብስበው መከሩ። ከየቀበሌው ሰው መርጠው ኮሚቴ አቋቋሙ። አሁን የሰው ዘር አይቆጠርም። መዝጋትና መክፈቱን ግን ከአባቶች ወሰዱ። ደንቡንም በጽሑፍ አደረጉት። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ2012 የአማራ ክልል መንግሥት ጓሳን የማኅበረሰብ ጥብቅ ሥፍራ ብሎ በሕግ አጸናላቸው።

ጥቅሙ ለሣሩ ብቻ አይደለም። በሣሩ ውስጥ አይጥ ይኖራል። አይጡን ቀይ ቀበሮ ይበላል። ቀይ ቀበሮ ከኢትዮጵያ በቀር በሌላ አገር የለም። የቀሩትም ጎልማሶች ከ500 አይበልጡም ተብሎ ይገመታል። ጭላዳም በጓሳ በመንጋ ይግጣል። ሣር የለበሰው መሬት ዝናቡን ይይዛል፤ ከሥሩም ምንጭ ይፈልቃል። ሣሩ ቢጠፋ ምንጩም ይደርቃል።

ከዚህ ምን እንማራለን? «መሬቱ የእኔ ነው፤ ለልጄም ይቀራል» የሚል ሰው መሬቱን ይጠብቃል። መብት የሌለው ሰው ግን ዛሬ ያገኘውን አጭዶ ይሄዳል። መብትም ብቻውን አይበቃም። ደንብ ይፈልጋል። ደንቡም ሁሉን እኩል ካላየ አይጸናም።

እስቲ እንወያይ፦

1. በእናንተ ቀበሌ የጋራ ግጦሽ ወይም ደን አለ? ማን ይጠብቀዋል?
2. በድሮ ጊዜ የሚዘጋውና የሚከፈተው መቼ ነበር? ሽማግሌዎችን ጠይቁ።
3. የነገሯችሁን ደንብ በደብተራችሁ ጻፉ። በቃል ያለ ይረሳል፤ የተጻፈ ይወረሳል።