ብርዱ ሊወጣ ሲል የሚቀዘቅዘው ቧንቧ፦ ዊኒፔግ ምን አስተማረችን?

እኛ አገር ውሃ ጠፋ ሲባል ጀሪካን ይዘን መውጣት ነው። ካናዳ ዊኒፔግ ከተማ ውስጥ ግን እ.ኤ.አ. በ2014 ውሃው አልጠፋም፤ መሬት ውስጥ በረዶ ሆኖ ቀረ እንጂ። ከ2,000 በላይ ቤቶችና ድርጅቶች መስመራቸው ተደፈነ። አንዳንዱ ለሳምንታት ውሃ ያገኘው ከጎረቤት ቤት በተዘረጋ ጎማ ነው።

ሰዉን ያደናገረው ጊዜው ነበር። ብርዱ ሊወጣ ሲል ነው ነገሩ የባሰው። ለምን? ቅዝቃዜ ወደ መሬት የሚወርደው ቀስ እያለ ነው። ላይ አየሩ ለስለስ ሲል፣ ታች ግን ገና እየወረደ ነው። ያን ዓመት ከ2 ሜትር በላይ ጠልቆ ቧንቧዎቹ ድረስ ደረሰ። መንገድ ላይ ደግሞ ይብሳል፤ በረዶው ስለሚጠረግ መሬቱ ብርድ ልብሱን እንደተገፈፈ ሰው ይሆናል።

ታዲያ እንዴት ይከፈታል? ዋናዎቹ መንገዶች ሁለት ናቸው። ቧንቧው ብረት ከሆነ ኤሌክትሪክ እንዲያልፍበት ተደርጎ ይሞቃል። ፕላስቲክ ኤሌክትሪክ ስለማያስተላልፍ ግን በቀጭን ጎማ ሙቅ ውሃ እየተገፋ በረዶው ይቀልጣል። አንድ ቤት ብቻ ሰዓታት ሊወስድ ይችላል። ባለሙያውና ማሽኑ ጥቂት፣ ጠሪው ሺህ ሲሆን ወረፋው ሳምንታት ፈጀ። "እኔው በብየዳ ማሽን እሞክረዋለሁ" ማለት ደግሞ አያዋጣም። ኤሌክትሪኩ ሌላ መንገድ ካገኘ ቤት ያቃጥላል፤ የጎረቤትንም ጭምር።

ለዚህ ነው ከተማው ለአደጋ የተጋለጡ ነዋሪዎችን ቧንቧችሁን ቀን ከሌት በቀጭኑ ክፈቱት ያለው። ንጹህ ውሃ ዝም ብሎ ሲፈስ ያሳዝናል፤ ግን ቆፍሮ ከማውጣት ይቀላል። ሂሳቡንም ከተማው እንደሚያስተካክል ተናገረ።

እኛ ቁልፉ እዚህ ጋ ነው እንላለን። በብዙ የሰሜን አሜሪካ ከተሞች ከመንገዱ ወደ ቤት የሚገባው መስመር፣ ቢያንስ ከፊሉ፣ የባለቤቱ ኃላፊነት ነው። ተከራይ ከሆንክ ደግሞ ውሃ የሌለህ አንተ፣ የሚወስነው አከራይህ። ሂሳቡን ማን እንደሚሸፍን አስቀድሞ ካልታወቀ፣ ኪሱ የሳሳ ሰው "ቢል ይበዛብኛል" ብሎ ቧንቧውን ይዘጋል። ያኔ መስመሩ ይደፈናል፣ ወጪውም ይበልጣል። ስለዚህ ከማሽን በፊት የሚያስፈልገው ግልጽ ውሳኔ ነው።

ዊኒፔግ፣ ኤድመንተን፣ ሚኒያፖሊስ ያላችሁ ቤተሰቦቻችን፦ ዋናው መዝጊያ የት እንዳለ ዛሬውኑ እወቁ። ውሃው ከሳሳ ቧንቧውን ክፍት አድርጋችሁ ቶሎ ደውሉ። እሳት አታስጠጉ። "ክፈቱት" የሚል ደብዳቤ ከደረሳችሁ ደግሞ ፀሐይ ወጣች ብላችሁ አትዝጉት፤ ዝጉ እስክትባሉ ጠብቁ።