የተማረ ልጅና እናቱ

ልጆች ሆይ፤ ዛሬ ፊደል ለይታችሁ ይህን ገጽ ለማንበብ ደርሳችኋል። ይህም መልካም ነገር ነው። ነገር ግን ከዚህ የደረሳችሁት በመምህር ድካም ብቻ አይደለም። ከመምህሩ በፊት የደከመች አንዲት ሴት አለች፤ እርስዋም እናታችሁ ናት።

እናት ልጅዋን ዘጠኝ ወር በሆድዋ ትሸከመዋለች። ከወለደችውም በኋላ ጡት ታጠባዋለች፤ በአንቀልባ አዝላውም እንጨት ትለቅማለች፤ እህል ትፈጫለች። ሕፃኑ ሲታመም እርስዋ እንቅልፍ ታጣለች። እህል ባነሰ ጊዜ ለልጆችዋ አቅርባ፥ እርስዋ «ጠግቤአለሁ» ትላለች። ልጁም ያምናታል፤ አለመጥገብዋን የሚያውቀው ካደገ በኋላ ነው።

እስኪ ሒሳብ የጀመራችሁ ቍጠሩ። አንዲት እናት በየቀኑ አንድ እንስራ ውሃ ከምንጭ ብትቀዳ፥ በዓመት 365 እንስራ ትቀዳለች። ልጅዋ ተወልዶ 7 ዓመት እስኪሞላው ድረስ 2,555 እንስራ ይሆናል። እንስራው 20 ሊትር የሚይዝ እንደ ሆነ፥ ውሃው ብቻውን 20 ኪሎ ይመዝናል። ይህን ሁሉ በጀርባዋ ስታመጣ፥ ወር ሲሞላ ደመወዝ ቈጥሮ የሰጣት ማንም የለም።

እንግዲህ ልጁ አደገ፥ ተማረ፥ በከተማም ሥራ አገኘ እንበል። እንዲህ ካለው ሰው አንዳንዱ፥ እናቱ ልትጠይቀው ከገጠር ስትመጣ፥ ባልንጀሮቹ እንዳያዩአት ወደ ጓዳ ያስገባታል። እግርዋ ጫማ የለውምና፥ ልብስዋም ጢስ ጢስ ይላልና ያፍርባታል። «ይህች ማን ናት?» ብለው ቢጠይቁት «ከአገር ቤት የመጣች ዘመድ ናት» ይላል። ፊደል ስለማታውቅም በነገርዋ ሁሉ ያርማታል። «ልጅ ለናትዋ ምጥ አስተማረች» የተባለው ተረት በእርሱ ይፈጸማል።

በእኔ አሳብ ይህ ሰው መጽሐፍ አነበበ እንጂ ገና አልተማረም። ያፈረበት ጢስ እርሱ የበላው እንጀራ የተጋገረበት ጢስ ነው። እናቱም ፊደል ያላወቀችው ሰነፍ ስለ ሆነች አይደለም። ልጅ ሳለች «ውሃ ቅጂ» ተባለች እንጂ «ተማሪ» አልተባለችም። እርሱን ግን ወደ ትምህርት ቤት ላከችው፤ ከብት መጠበቁንና እንጨት መልቀሙንም በእርሱ ፈንታ እርስዋ ሠራችው። ስለዚህ የእርሱ ንባብ የእርስዋም ሥራ ነው።

በእናቱ ድህነት የሚያፍር ሰው ይህን ያስብ። ዐፄ ቴዎድሮስን ጠላቶቻቸው «የኮሶ ሻጭ ልጅ» እያሉ ይሰድቧቸው ነበር። ኮሶ ሰዎች ለሆድ ትል የሚጠጡት መድኃኒት ነው፤ እናታቸውም በችግር ዘመን ይህን ሸጡ ይባላል። ስድቡ ግን ከመንገሥ አላገዳቸውም፤ በ1847 ዓ.ም. ዘውድ ጫኑ። ልጅዋን ለማሳደግ መድኃኒት የሸጠች እናት ምን ነውር ሠራች? ነውሩ የተሳዳቢው ነው።

ደግሞ ሌላ ዓይነት ሰው አለ። እናቱን አይንቃትም፤ ነገር ግን «ገንዘብ ሳገኝ እረዳታለሁ» እያለ ዓመት በዓመት ላይ ይጨምራል። በሞተች ጊዜ ተበድሮ ድንኳን ይተክላል፥ በሬ ያርዳል፥ ታላቅ ተዝካር ያወጣል። እኔ ተዝካሩን አልነቅፍም። ነገር ግን ከዚያ በሬ እርስዋ አንዲት ጉርሻ አልቀመሰችም። በክረምት ብርድ ሲመታት የሰጣት አንድ ጋቢ ከድንኳኑ ሁሉ ይበልጥ ነበር። ምስጋና ጆሮ ሳይደነቍር፥ ዓይንም ሳይፈዝ ሲደርስ ነው።

እናንተ ገና ገንዘብ የላችሁም፤ ነገር ግን እጅ አላችሁ። ዛሬ ወደ ቤት ስትመለሱ እናታችሁ ሳታዝዛችሁ ውሃ ቅዱላት፤ እንጨት ፍለጡላት። «ወንድ ልጅ ውሃ ቢቀዳ ነውር ነው» የሚል ሰው ቢኖር አትስሙት፤ ውሃውን ወንዱም ይጠጣዋልና። ማታም እሳት ዳር ተቀምጣ ሳለች መጽሐፋችሁን ድምፃችሁን ከፍ አድርጋችሁ አንብቡላት። ነገሩን ሁሉ ባታስተውል እንኳ፥ ድካምዋ ፍሬ ማፍራቱን በጆሮዋ ትሰማለች። አድጋችሁም ከሰው ፊት ስትቆሙ፥ እጅዋን ይዛችሁ «እናቴ ይህች ናት» በሉ።

የእናቱን ብድር ከፍሎ የጨረሰ ልጅ የለም። መክፈል ያልጀመረ ግን ውለታ ቢስ ይባላል። ስለዚህ ልጆች ሆይ፥ እናታችሁ ሳለች ጀምሩ።