ጠመንጃው ነው የሚያሸንፈው ወይስ ሰውየው?

አያቴ ምንሽር ነበራቸው። ልጅ ሆኜ በፋሲካ ሰሞን የመንደሩ ሰው ሜዳ ወጥቶ ኢላማ ሲተኩስ አይቻለሁ። ደንቡ አንድ ብቻ ነበር፤ ሁሉም የሚተኩሰው በዚያችው በአያቴ ምንሽር ነው። «የእኔ ብረት ያጋድላል» ብሎ ነገር የለም።

ይህን ያለ ምክንያት አላነሳሁትም። እ.ኤ.አ. በ2024 የፓሪስ ኦሊምፒክ ቱርካዊው ዩሱፍ ዲኬች አንድ እጁን ኪሱ ከቶ፣ ተራ መነጽር አድርጎ በ10 ሜትር የአየር ሽጉጥ ድብልቅ ቡድን ብር ሲወስድ ዓለም ጉድ አለ። «አየህ! ዋናው ልብ ነው፣ ዕቃ ምን ያደርጋል?» አለኝ አንድ ወዳጄ። ወዳጄ ተሳስቷል። ሰውየው የተኮሰው በሽጉጥ ነው። ወደ ጠመንጃው ጎራ ስንሻገር ነገሩ ሌላ ነው።

በ50 ሜትሩ ውድድር ጠመንጃው ባለ 22 ካሊበር ነው። ጥይቱ 5.6 ሚሊ ሜትር፣ 10 ነጥብ የሚያሰጠው ክብ ደግሞ ከዳር እስከ ዳር 10.4 ሚሊ ሜትር ብቻ። አቅርቦ የሚያሳይ መነጽር ክልክል ነው፤ በጠባብ ቀዳዳ አሾልቆ ማየት ነው። ጠመንጃው እስከ 8 ኪሎ ይፈቀድለታል። በወፍራም ሸራና በቆዳ የሚሰራው ጃኬት እንኳ ይለካል፤ ነጠላው ጨርቅ ከ2.5 ሚሊ ሜትር መብለጥ የለበትም። አልተጣጠፍ ካለም ውድቅ ነው። ምክንያቱም ድርቅ ያለ ጃኬት ወገብን እንደ ጀሶ ቀጥ አድርጎ ይይዛል፣ ሰውየው ሳይሆን ጨርቁ ይቆምለታል።

ጎሽ! እስከዚህ ድረስ ከደንቡ ጋር ጠብ የለኝም። እኔን የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው። ደንቡ ጣሪያውን ይወስናል እንጂ ጣሪያው ድረስ ለመውጣት መሰላል ያለው ማን እንደሆነ አይጠይቅም። ሰደፉ፣ የጉንጭ ማስደገፊያው፣ የትከሻው ብረት ሁሉም በባለቤቱ ልክ ይስተካከላል፤ ጃኬቱ በልክ ይሰፋል። ጥይቱስ? በአንድ ፋብሪካ፣ በአንድ ስም ተመርቶ እንኳ አንዱ ዙር ከሌላው ይለያል። ስለዚህ አቅም ያለው ተኳሽ እንግሊዝ ኢሌይ ወይም ጀርመን የላፑዋ መሞከሪያ ድረስ ጠመንጃውን ይዞ ይሄዳል፣ ዙር በዙር ያስሞክራል፣ የተስማማውን በካርቶን ጭኖ ይመለሳል። የሌለው ያገኘውን ይተኩሳል። ከዚያ ሁለቱ ጎን ለጎን ይተኙና «እኩል ውድድር» ይባላል!

የሚገርመው ክፍፍል ሲመጣ የተከፈለው ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ1976 ሞንትሪያል ላይ አሜሪካዊቷ ማርጋሬት መርዶክ በሦስቱ አቋቋም ከወንዶች ጋር ተኩሳ ከአገሯ ልጅ ከላኒ ባሻም ጋር እኩል 1162 ነጥብ አመጣች። በደንቡ ወርቁ ለእሱ ሆነ፤ እሱ ግን እጇን ይዞ የአሸናፊው መድረክ ላይ ከጎኑ አቆማት። እ.ኤ.አ. በ1984 ለሴቶች ለብቻቸው ውድድር ተዘጋጀ። ሴትና ወንድ እኩል የሚተኩሱበትን ስፖርት በጾታ ከፈሉት፤ በኪስ ግን አልከፈሉትም።

«ኤመንስስ?» የሚለኝ አይጠፋም። እውነት ነው፤ ማቲው ኤመንስ ጠመንጃው ሆን ተብሎ ተበላሽቶበት እ.ኤ.አ. በ2004 አቴንስ ላይ በተዋሰው ጠመንጃ በደረት ተኝቶ ወርቅ ወስዷል። (በሦስቱ አቋቋም ደግሞ የመጨረሻዋን ጥይት የጎረቤቱ ኢላማ ላይ ለቆ ያለቀለትን ወርቅ አጥቷል። አይ ዕድል!) ግን የተዋሰው እኮ ያው የውድድር ጠመንጃ እንጂ የአያቴን ምንሽር አይደለም። ደጁ ላይ የሚያውሰው ሰው ነበረው።

የሚያውስ ሲገኝ ምን እንደሚሆን አይተናል። የሦስት ኦሊምፒክ ወርቅ ባለቤት ጣሊያናዊው ኒኮሎ ካምፕሪያኒ ስዊዘርላንድ ውስጥ ጠመንጃ ይዘው የማያውቁ ስደተኞችን ሰብስቦ አሰለጠነ። ከነሱ አንዷ ኤርትራዊቷ ሉና ሰሎሞን በስደተኞች ቡድን ውስጥ ሆና እ.ኤ.አ. በ2021 ቶኪዮ ላይ በ10 ሜትር የአየር ጠመንጃ ተወዳደረች። እስቲ ልጠይቅ፣ አስመራ ወይም አዲስ አበባ ብትቀመጥ ያን ጃኬት ማን ይሰፋላት ነበር?

መፍትሄ የለም እንዳይባል፣ አለ። አሜሪካ ኦሃዮ፣ ካምፕ ፔሪ ላይ ሪምፋየር ስፖርተር የሚባል የተራ ጠመንጃ ክፍል አለ። ጠመንጃው ከ7.5 ፓውንድ፣ ማለት 3.4 ኪሎ ገደማ፣ አይበልጥም። ቃታው 3 ፓውንድ ካልተሳበ መተኮስ የለበትም። ጃኬት የለም፣ ጓንት የለም፤ ጠመንጃ፣ ማንገቻና ጥይት ብቻ። ከሱቅ የገዛ ሁሉ ይገባል። ይህ ክፍል በዓለም ሻምፒዮና የማይኖርበት ምክንያት ለእኔ አይገባኝም።

ከዚያም አልፌ እሄዳለሁ። በዘመናዊ ፔንታትሎን እስከ ፓሪስ 2024 ድረስ ተወዳዳሪው የራሱን ፈረስ ይዞ አይመጣም ነበር፤ አዘጋጁ ያቀረበለትን በዕጣ ይወስድ ነበር። ፈረስን ያህል ነፍስ ያለው ነገር በዕጣ ከታደለ፣ አንድ ዓይነት ጠመንጃና ከአንድ ዙር የወጣ ጥይት ደርድሮ በዕጣ ማደል ምን ይከብዳል? «ትከሻው አይመጥነኝም» ለሚል ሰደፉን ማስተካከያ ሩብ ሰዓት ይሰጠው። ወዳጄ ይህን ስነግረው «ያኔ ማን እንደሚያሸንፍ በምን ይታወቃል?» አለኝ።

እኔም እኮ የምለው ይህንኑ ነው።